የሐጃ ኢንሺራህ በሽተኞች

ሰኞ ዶክተሩ ይመጣል ከተባለ ወዲህ ሐጃ ኢንሺራህ የወንድማቸውን ልጅ ናጅላን አደረቋት። ጥረጊ ይሏታል፤ ትጠርጋለች። እጠቢ ይሏታል፤ ታጥባለች። ወለሉ ሳይደርቅ ደግሞ «እዚያ ጋ ፀጉር አየሁ» ብለው መጥረጊያውን እንደገና ያስይዟታል። ውሾቹ እንኳ ባልዲ ሲያዩ ጥግ ጥጋቸውን መያዝ ጀምረው ነበር።

ሐጃ ያለ ነገር አልተጨነቁም። ከእስክንድርያ ወጣ ባለችው በኪንግ ማርዩት፣ ሟቹ ባላቸው ሐጂ በዩሚ በተወላቸው ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ከመንገድ የተለቀሙ ውሾችና ከቆሻሻ ገንዳ የወጡ ድመቶች ሰብስበው ይኖራሉ። በጋ ሲሆን ደግሞ የከተማው ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲነጉድ ድመቱን አምጥቶ አደራ ይልባቸዋል። እስከ ዛሬ ማንም ምንም አላላቸውም። አሁን ግን ሕግ ወጣ። ውሻና ድመት የሚያኖር ቤት ሁሉ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ያላወጣ ይዘጋል፣ እንስሳቱም ይወሰዳሉ። ወዴት ነው የሚወሰዱት ብለው የጠየቁት ሰው ሁሉ መልሱ ትከሻውን መስበቅ ብቻ ሆነ። ሐጃን እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ትከሻ መስበቅ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤትም ጩኸቱ አሳበደኝ፣ ይነሱልኝ ብሎ ካመለከተ ሰንብቷል።

ከእራት በኋላ ናጅላ ሕጉን ታነባለች፤ ሐጃ ይሟገታሉ።

«ውሾችና ድመቶች እንዳይተያዩ ሆነው ይለያዩ ይላል» ትላለች ናጅላ።

«ለምን ሲባል? እነሱ ተስማምተው ነው የሚኖሩት። ያልተስማማነው እኔና ያ የአጥር ማዶው ሰውዬ ነን። እኛን ለምን አይለዩንም?»

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ የውሻና የድመት ሕግ ነው።»

«እሺ፣ ቀጥይ።»

ቢሟገቱም የተባለውን ሁሉ ከማድረግ ግን ወደኋላ አላሉም። በውሾቹና በድመቶቹ መካከል ግንብ ቆመ። ወለሉ ተነጠፈ፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ተቆፈረ፣ ለፀሐይ መከለያ ተሠራ። ለድመቶቹ የሚወጡበት መደርደሪያ ተገጠመ። ለታመመ እንስሳ ብቻ የሚሆን፣ የራሱ በር፣ የራሱ መጥረጊያና የራሱ ባልዲ ያለው ክፍልም ተዘጋጀ። ሐጃ ለሰላት የሚለብሱት ጀለቢያ ሌላ፣ ውሾቹ ዘንድ የሚገቡበት ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን ግን የውሾቹን ጀለቢያ ከላያቸው ያወለቁት ለሰላትና ለመኝታ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ናጅላ ተሸነፈች። ሕጉ በየማደሪያው በር ላይ የእንስሳው ስም ይለጠፍ ይላል። የሐጃ እንስሳት ስም ደግሞ ስም አይደለም፣ ስድብ ነው። ዝፍት፣ መዓት፣ ቡትቶ፣ ጭንጋፍ። እንደ ጥጥ የነጣችው ድመት ከሰል ትባላለች። ቆንጆ ነገር ቆንጆ ስም ከተሰጠው የሰው ዓይን ይጠራል፤ ሐጃ ይህን ያውቃሉ፣ እናታቸውም ያውቁ ነበር፣ ሰፈሩም ያውቃል።

«ለዶክተሩ ብለን ብንቀይረውስ?» አለች ናጅላ። «ሎዛ፣ ፊሩዝ፣ ምናምን ብንላቸው?»

«ቱ ቱ ቱ! ልትጨርሻቸው ነው?»

ስለዚህ ስድቡ ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ በየበሩ ተለጠፈ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ዶክተር ሰርወት መጣ። ቀጭን፣ ጠይም፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ነው። ሰላም ሲል አነጋገሩ ከደቡብ እንደሆነ አስታወቀ፤ ሰዒዲ። ሐጃ ወደ ናጅላ ጠጋ ብለው፣ «አለቀልን! ሰዒዲ አንዴ እንቢ ካለ ጨረቃ ብትወርድ እሺ አይልም» አሏት። ናጅላ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

ሰውዬው እውነትም ዋዛ አልነበረም። ሜትሩን አውጥቶ ማደሪያዎቹን ሁሉ በቁመት በወርድ ለካ። የውሃ ሳህን ውስጥ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። መውረጃው ላይ ውሃ አስደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ ቆሞ ተመለከተ። ውሻው ውስጥ ገብቶ መዞር ይችል እንደሆነ ለማወቅ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ራሱ በእጅና በጉልበቱ ገባና ዞረ። ናጅላ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሰማይ አየች። ሐጃ ግን አልሳቁም፤ ደስ አላቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይወዳሉ።

ዶክተሩ ወጥቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ሐጃ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «እንዲህ ያለ ግቢ አላየሁም። ከአንዳንድ ሰው ቤት ይበልጣል።»

ሐጃ ዓይን ለመመለስ ከጀርባቸው በኩል አምስት ጣታቸውን ዘረጉ። «ምኑን አዩት ዶክተር! ግንቡ ዛሬ ነገ ይወድቃል እያልን ነው።»

«ይወድቃል?» ዶክተሩ እስክሪብቶውን መዘዘ።

«አይወድቅም!» አለች ናጅላ። «ከተሠራ እንኳ ገና ወሩ ነው! ስታጋንን ነው ዶክተር።»

ዶክተሩ ግንቡን በትከሻው ገፋ አደረገውና፣ እንደማይነቃነቅ አይቶ አለፈው። ናጅላ በዚህች ሰዓት አክስቷን ገለል አድርጋ አንድ ነገር ብትላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። እሷ ግን የክትባት ካርዶቹን ላምጣ ብላ ወደ ቤት ገባች። የት እንዳስቀመጠቻቸው ጠፍቷትም እዚያው ቆየች።

«እንግዲህ የቀረን የእያንዳንዳቸው ጤና ነው» አለ ዶክተሩ። «እኔ እመረምራለሁ። ግን እኔ የማያቸው ለዛሬ ብቻ ነው። ማን ሌሊት እንደሚያስል፣ ማን የበላውን እንደሚያስመልስ የሚያውቀው አብሯቸው የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ሕጉ የርስዎን ቃል ይጠይቃል። ያሉትን እጽፋለሁ።»

«ምን ችግር አለ» አሉ ሐጃ።

መጀመሪያ የቆሙት መዓት ፊት ነው። መዓት የአገር ውሻ ነው፤ ግን ቆዳው የተቀባ ይመስላል፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዓይኑ የማር ቀለም። ዶክተሩ ሲያየው ፊቱ በራ። «ወይ ውበት! ምን ቢያበሉት ነው እንዲህ ያማረው?» አለ። ከዓይን የምትጠብቀውን፣ ማሻአላህ የምትለዋን ቃል ግን ከየትም አላመጣትም።

ሐጃ ደነገጡ። እንግዳ ሰው፣ ባዶ አፍ፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ሙገሳ! አፋቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ፣ «ምን ውበት አለው፣ ታሞብኛል እኮ» አለ።

«ምኑን?»

«ሆዱን። ሌሊቱን ሲያቃስት ነው የሚያድረው።»

መዓት ጅራቱን ከብረቱ ጋር እያጋጨ ቂው ቂው ያደርጋል። ዶክተሩ ሆዱን ዳሰሰው፣ ግንባሩን ቋጠረና ጻፈ። ወደ ቀጣዩ ሄዱ።

«ይህቺስ?»

«እሷማ ለዒድም አትደርስ።»

«ይሄኛው?»

«ልቡ ደካማ ነው። ዕድሜም የለው።»

«ይሄ ቡችላ?»

«ኧረ ተወው ልጄ፣ እሱን ቁጥር ውስጥም አታግባው።»

እያሉ እያሉ ግቢውን ጨረሱት። ሐጃ በሆዳቸው ኮርተው ነበር። አንድም እንስሳ ለዓይን አላጋለጡም፤ ሁሉንም አፈር አልብሰው፣ ሸፍነው፣ አሳልፈዋል። ዶክተሩ ግን በእያንዳንዱ በር ላይ ፊቱ እየጠቆረ፣ ድምፁ እያነሰ ሄደ። ናጅላ ካርዶቹን ታቅፋ ስትመጣ እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ቆሞ አገኘችው።

«እህቴ» አለ፣ «ይሄ መጠለያ አይደለም። ሆስፒታል ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ ጤነኛ የለም። ሐጃ በገዛ አፋቸው ነግረውኛል። የታመመ ለብቻው ይቀመጥ ይላል ሕጉ፤ እናንተ ለበሽተኛ ያላችሁ አንድ ክፍል ነው። ይህ ሁሉ እንስሳ በአንዴ ታሟል ማለት ደግሞ ወረርሽኝ ነው። ፈቃዱ ይቅርና ግቢውን ዛሬውኑ ላሽገው ነው።»

ካርዶቹ ከናጅላ እጅ ወደቁ። «አክስቴ! ምን አልሽው?»

«ምን አልኩት? እንደ ወጉ ነው የመለስኩት» አሉ ሐጃ። ግን ይታሸጋል የምትለዋ ቃል ገና አሁን ጆሯቸው ገባች።

ናጅላ የወደቁትን ካርዶች ሰብስባ ዘረጋችለት። «ዶክተር፣ ወላሂ አንድም የታመመ የለም! ዓይን ፈርታ ነው! ልጅ ጤነኛ ነው አትልም፣ ዳቦው ጥሩ ተጋገረ አትልም፣ ሰርግ ሄዳ ሙሽራዋ ፊቷ ገርጥቷል ብላ ነው የምትመጣው። ይኸው ካርዱ፣ ይኸው ክትባቱ! ራስህ ነካክተህ እያቸው!»

ዶክተር ሰርወት ካርዶቹን አገላብጦ መለሰላት። ከዚያ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እናቴ እኔን ይሄ ደደብ እያለች ነው ያሳደገችኝ» አለ። «ዶክተር ሆኜ እንኳ ለጎረቤት ይሄ ደደብ መጣ ትላለች። አልገባውም አትበሉ። እጄም የታመመ እንስሳ አላገኘም።»

«ታዲያ!» አለች ናጅላ።

«ታዲያ ሐጃ ታመዋል ካሉ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ደህና ናቸው አለችኝ ብዬ አልፈርምም። ፈቃዱ የሚወጣው በሐጃ ስም ነው። ሐጃ ራሳቸው በእያንዳንዱ ፊት ቆመው ጤነኛ ነው ይበሉ። ያን ጊዜ የሳቸው ቃልና የኔ ምርመራ ከተስማማ እጽፋለሁ። ካላሉ ግን፣ ይቅር ይበሉኝ ሐጃ፣ ያው እንዳልኩት ነው።»

ሐጃ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ዘጉት። ደግመው ከፈቱ።

«እንግዲህ... አልሞቱም» አሉ።

«ሐጃ፣ አልሞቱም ብዬ የት ልጻፈው?»

«ይንቀሳቀሳሉ በል።»

«ሐጃ!»

«ክፉ አይደሉም። ሰውም ሲጠየቅ ክፉ አይደለሁም ይላል። ይህ አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«በመጀመሪያ አንተ ማሻአላህ በል!»

«ማሻአላህ» አለ ዶክተሩ፤ በየተራ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞሮ ሦስት ጊዜ አለ። ሐጃ ግን አሁንም አልቻሉም። አጠገባቸው ባለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዘጭ ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ።

እልከኝነት አይደለም። ሐጃ ወጣት እያሉ እንዲህ አልነበሩም፤ ዓይን የሚፈሩት እንደማንኛውም ሰው፣ ለወጉ ያህል ነበር። በኋላ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሲያሰጡ የታችኛው ጎረቤት፣ ሐጂ በዩሚ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ፀሐይ ነበር፣ ነፋሱ ከባሕር በኩል ይመጣል፣ ባላቸው ውስጥ ሆኖ እየዘፈነ ጢሙን ይላጫል። ሐጃ ደስ ብሏቸው ነበርና እንደ ፈረስ ነው፣ ኪኒን እንኳ ውጦ አያውቅ አሉ። ሳምንት ሳይሞላ በዩሚን ቀበሩት። ሐኪሙ ስለ ልብ ብዙ አስረዳቸው፤ ሐጃ ግን ከዚያ ሁሉ የሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። እንደ ፈረስ ነው ያለው ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ስለሚወዱት ነገር ደግ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ይህንን ለዶክተሩ ነገሩት። ለናጅላም ቢሆን እንዲህ በግልጽ ነግረዋት አያውቁም። «እኔ ነኝ የበላሁት» አሉ። «በዚህ አፌ። አሁን ደግሞ እነዚህን ልብላ?»

ናጅላ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ዶክተሩ ፊታቸው ቁጢጥ አለ። ከዚያ በቀስታ፣ «ሐጃ፣ ዝም ካሉም ይወሰዳሉ» አለ።

እውነት ነው። ሐጃ ይህችን አሰቧት። ቢናገሩ ዓይን ሊወስዳቸው ይችላል፤ ዝም ቢሉ ግን መኪና ይወስዳቸዋል፣ ያውም በእርግጠኝነት። ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። ቀጥ ብለው ወደ ድመቶቹ ሄዱና ቡትቶ ፊት ቆሙ። ቡትቶ ግቢው ውስጥ ያልቧጨረው ሰው የሌለ፣ ሐጃ ራሳቸው ከልባቸው የማይወዱት ብቸኛ ፍጡር ነው።

«ከሱ ጀምር» አሉ። «ይሄ ጤነኛ ነው። ምንም አልሆነም፣ ምንም አይሆንም፣ ሁላችንንም ይቀብረናል።»

ዶክተሩ ጻፈ። ሐጃ ቆመው ጠበቁ። ጣሪያውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ቡትቶን አዩ። ቡትቶ አዛጋና ጀርባውን ሰጣቸው።

«እሺ» አሉ ሐጃ። «ከሰልም ጤነኛ ናት።» ወደ ድመቷ ጠቆሙ። «ትበላለች። ፀጉሯን እየው፣ እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ የማበጥራት።» ደግሞ ጠበቁ። ከሰል ከመደርደሪያው ወርዳ እግራቸው ላይ ተሻሸች።

ከዚያ በኋላ ግድቡ ፈረሰ። ሐጃ ከበር ወደ በር እየሄዱ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ለዓመታት ሆዳቸው ውስጥ የተከመረውን ሁሉ አወረዱት። «ጭንጋፍ ጤነኛ ነው! ሲያመጡት በመሐረብ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፣ አሁን ተመልከተው ይህን ደረት! ይህቺ ጤነኛ ናት፣ ደግሞ ልባም ናት፣ በር በአፏ ትከፍታለች! መዓት ጤነኛ ነው! ቆንጆ ነው! ቅድም ውበት ብለህ አልነበረ? አሁን ድገመው፣ ማሻአላህ ብለህ ድገመው!»

«ሐጃ፣ ጤነኛ የምትለዋ ብቻ ትበቃኛለች» አለ ዶክተሩ እጁ እየዛለ።

«አትበቃም! ይሄ ደግሞ ስሰግድ ጫማዬን የሚጠብቅ ነው። ጻፍ!»

ናጅላ እንባዋን በካርዶቹ እየጠረገች ትስቃለች።

በመጨረሻ ዝፍት ጋ ደረሱ። ዝፍት ሽማግሌ ነው፤ አፍንጫው ዙሪያ ሸብቷል። በዩሚ ከመሞቱ በፊት ቤት ይዞት የገባው የመጨረሻው ፍጡር ይህ ነው፤ ዝናብ ላይ አግኝቶት ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ።   ቅድም የሮጠው የሐጃ አፍ እንደገና ተሳሰረ። ዶክተሩ አልጎተጎታቸውም፤ ጎንበስ ብሎ የዝፍትን ልብ አዳመጠ፣ ጥርሱን አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ተነሣና ጠበቀ።

ሐጃ ወለሉ ላይ ተቀመጡና የውሻውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አርጅቷል» አሉ።

«አርጅቷል» አለ ዶክተሩ።

«አንድ ቀን ይሞታል።»

«ይሞታል፣ ሐጃ። ግን እርስዎ ስለተናገሩ አይደለም።»

ሐጃ የዝፍትን ጆሮ እያሻሹ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። በዩሚንም ያሰቡት ይመስለኛል፤ ሲዘፍን፣ ጢሙን ሲላጭ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ደህና ነው» አሉ። «ዝፍት ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲያየኝ ይነሣል። እንዲህ ያለ ውሻ በእስክንድርያ የለም።»

ዶክተሩ ጻፈ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ ትንሽ እያፈረ፣ «አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለ። «እንስሳቱን የሚንከባከበው ሰው ጤናም ይጠየቃል። እርስዎስ፣ ሐጃ? እርስዎ እንዴት ነዎት?»

ናጅላ ዓይኗን ጨፈነች። የጉልበቱ፣ የወገቡ፣ የስኳሩና የደም ግፊቱ ዝርዝር አሁን ይወርዳል ብላ ነበር።

ሐጃ ኢንሺራህ ከወለሉ ተነሡ። በዩሚ ከሞተ ጀምሮ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ በሕመማቸው ሸኝተውታል። የታጠበውን ወለል አዩ። ጅራታቸውን የሚቆሉትን ውሾች፣ መደርደሪያቸው ላይ የተጋደሙትን ድመቶች፣ ዓይኗን ጨፍና የቆመችውን ናጅላን አዩ። የሚያጡት ብዙ ነገር እንዳላቸው ያኔ ታወቃቸው።

«እኔ?» አሉ። «ደህና ነኝ ልጄ። ደስ ብሎኛል። ጻፈው።»

ናጅላ ዓይኗን ገለጠች። ዶክተሩ መጻፍ ጀመረ፤ ሐጃም ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ከእጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።